ኖራው ፊት ላይ ሲያርፍ፦ የሐረር ፎቶግራፎች የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 3

ሁለት ዓመት ሳስበው የቆየሁትን ሥራ ዛሬ ጀመርኩ። በግንብ በታጠረችው የሐረር ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ የሚኖሩ ወይም የሚሠሩ ሰባት ሰዎችን ፎቶግራፍ አነሣለሁ፤ ከዚያም የእያንዳንዳቸውን ምስል ከገዛ ቤታቸው ግድግዳ ጋር በኮምፒውተር አዋሕዳለሁ። የሙያው ሰዎች ቴክስቸር የሚሉት ነገር ነው፦ የተላጠ ኖራ፣ የተሰነጠቀ ጭቃ፣ ዝናብ እያጠበ ያወረደው ቀለም። ይህ ለብቻው ፎቶግራፍ ተነሥቶ በሰውየው ምስል ላይ እንደ ስስ ሻሽ ይነጠፋል።

የዘወትር ሥራዬ ጉርድ ፎቶግራፍና ሠርግ ነው። ጉርድ ፎቶግራፍ ሰውን ከነጭ መጋረጃ ፊት ያቆመዋል። በዚህ ዓይነት የማነሣቸው ሰዎች ሁሉ ከየትም ያልመጡ ይመስላሉ፤ ቤት የላቸውም፣ ደጃፍ የላቸውም። ጎረቤቶቼን እንዲህ አድርጌ ማስቀረት አልፈልግም።

በኢንተርኔት በነጻ የሚገኙ ቴክስቸሮች ብዙ ናቸው። አውርጄ ሞክሬያቸዋለሁ፤ ያምራሉ። ነገር ግን የሐረርን ሰው የማን ከተማ እንደሆነ በማላውቀው ሲሚንቶ መሸፈን አልዋጥልህ አለኝ። እኛ ጋ ግድግዳ ሞልቷል። ጎብኚዎች የሚያነሡት አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስገነቡትን የከተማዋን ግንብ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ግንቡና በውስጡ ያለችው ከተማ ነው። እኔ የምፈልገው ከግንቡ ውስጥ ያለውን፣ ሰው በየዓመቱ በእጁ የሚቀባውን የመኖሪያ ቤት ግድግዳ ነው።

መሣሪያዎቼ፦ ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ሦስት እግር ማቆሚያና 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ላፕቶፕ። የምሠራው ጂምፕ በተባለው ነጻ የፎቶግራፍ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። ፎቶሾፕ ያለው ሰውም ከሞላ ጎደል ተመሳሳዩን ሥራ ሊሠራበት ይችላል፤ ስሌቱ በአብዛኛው አንድ ነው።

ጥቅምት 6

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ወጥቼ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ግድግዳ ሳነሣ ቆየሁ። 43 ምስል ይዤ ተመለስኩ፤ የሚረቡኝ 11 ናቸው።

የተማርኩትን ልጻፍ። ፀሐይ ግድግዳውን ፊት ለፊት ስትመታው ግድግዳው ጠፍጣፋ ወረቀት ይሆናል፤ ቀለሙ ይታያል፣ ሸካራነቱ ይሞታል። ሸካራነቱ ሕይወት የሚዘራው ብርሃኑ ግድግዳውን እየታከከ በጎን ሲያልፍ ነው። ያኔ እያንዳንዱ የኖራ ቅርፊት የራሱ ጥላ ይኖረዋል። በጠባቡ መንገድ ውስጥ ይህ ሰዓት አጭር ነው። በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ በመኪና ግርግር በኩል ባለ አንድ ሰማያዊ ግድግዳ ላይ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቆየልኝም። ካሜራውን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርጎ ማቆም ግድ ነው፤ ትንሽ ከተዛነፈ አንዱ ጎን ጥርት ብሎ ሌላው ይደበዝዛል። ዲያፍራሙን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ) 8 ላይ፣ አይ ኤስ ኦውን (የብርሃን ስሜታዊነቱን) 100 ላይ አድርጌ ባልተቀነባበረ (ሮው) ፋይል አነሣሁ።

ከእያንዳንዱ ምስል ስም ላይ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ጻፍኩ፦ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ። ይህን የማደርግበት ምክንያት አለኝ። ፊቱ ከግራ ብርሃን ቢያገኝና ግድግዳው ከቀኝ ቢበራ፣ ዓይናችን አንድ ነገር እንደተዛባ ወዲያው ያውቃል። የተነሣው የኖራ ቅርፊት የተቦረቦረ ጉድጓድ ይመስለዋል።

በየቤቱ ፈቃድ ጠየቅኩ። ግድግዳ ለምን ፎቶግራፍ እንደሚነሣ ማስረዳት ሰውን ከማንሣት የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ። ቅርጫት የሚሠሩት አዴ (በሐረር ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው) ግን ጥያቄ አላበዙም። የተላጠውን ስፍራ በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩልኝ። ነጩ የአምናው ነው። ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ትልቋ ልጃቸው የተዳረች ዓመት የተቀባ ነው። ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ ሐምራዊ አለ፤ እሱን የቀቡት እናታቸው ናቸው። ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ነው ይህ ሁሉ ያለው። ያቺን ቦታ ከቅርብ ብቻዋን አነሣኋት።

ጥቅምት 9

ግድግዳዎቹን የማዘጋጀት ቀን። አሰልቺ ይመስላል፤ ግን ሁሉ ነገር የሚወሰነው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ቀለሙን አወጣሁ። ሰማያዊ ግድግዳ ቀለሙን እንደያዘ ፊት ላይ ቢያርፍ የቆዳን ሙቀት ይበላዋል፤ ቀለም ካስፈለገ በኋላ ለልብስና ለጀርባ ብቻ እመልሳለሁ። ሁለተኛው ችግር ብርሃኑ ነው። በጎን በኩል የመጣ ብርሃን ግድግዳውን በአንድ ወገን ያነጣዋል፣ በሌላው ያጠቁረዋል። እንዲሁ ብነጥፈው ከሸካራነቱ ጋር ይህን ልዩነትም ወደ ሰውየው ፊት ይዤ መሄዴ ነው።

ጂምፕ ለዚህ ጥሩ መላ አለው። ሌየሩን (ምስሎች እንደ ስስ ወረቀት የሚደራረቡበትን ንብርብር) ቀድቼ የላይኛውን ቅጂ በጋውሲያን ብለር አደበዘዝኩት፤ ለ6000 ፒክስል ስፋት የማደብዘዣው መጠን 150 ያህል ሲሆን ተስማምቶኛል። ከዚያ የላይኛውን ሌየር ስልት፣ ማለትም ከታችኛው ጋር የሚዋሐድበትን ስሌት፣ ግሬይን ኤክስትራክት አደረግኩት። የእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃን ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) በሚደርስ ዋጋ ይለካል፤ ይህ ስልት ከታችኛው ዋጋ የላይኛውን ይቀንስና 128 ይጨምርበታል። የደበዘዘው ቅጂ የያዘው ሰፊውን ብርሃንና ጥላ ብቻ ስለሆነ፣ እሱ ሲቀነስ የሚቀረው ቅርፊቱ፣ ስንጥቁና ደቃቅ ቅንጣቱ ብቻ ነው። ሁሉም በመካከለኛው ግራጫ ዙሪያ ይሰበሰባል። የብርሃኑን ሥርጭት የሚያሳየው ሂስቶግራም አማካዩን 128 አጠገብ አሳየኝ።

ከእያንዳንዱ ግድግዳ ሁለት ፋይል አስቀመጥኩ። አንዱ ይህ ደቃቁ ሸካራ ነው። ሌላው ትልልቁን ነጠብጣብና የውኃ መውረጃ የያዘው፣ ያልተስተካከለው ነው፤ እሱን እድፍ ብዬ ሰየምኩት። ሁለቱን በአንድ ፋይል አደባልቆ መጠቀም ሠዓሊ በአንድ ብሩሽ ቅንድብም ሰማይም ለመሣል እንደሚሞክረው ነው።

ጥቅምት 11

አዴንና ልብስ ሰፊውን ጋሼን አነሣሁ። አዴ በቀይ አፈር በተቀባው ነደባ (የሐረር ቤት መቀመጫ መደብ) ላይ ተቀምጠው፣ ከኋላቸው የተሰቀሉ ቅርጫቶች፣ ብርሃኑ ከበሩ ከግራ። ጋሼ መኪና ግርግር ላይ ከስፌት መኪናቸው ፊት። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከእነዚህ መኪናዎች ድምፅ ነውና መኪናውን ዝም እንዲያሰኙት አልጠየቅኩም። እየሠሩ አነሣኋቸው።

ጥቅምት 13

የመጀመሪያው ማዋሐድ፤ በጋሼ ምስል ላይ።

መልቲፕላይ በተባለው ስልት ጀመርኩ፤ ያየኋቸው ትምህርቶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት በእሱ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የታችኛው ሌየር ዋጋ በላይኛው ይባዛና ለ255 ይካፈላል። ነጭ ምንም አይለውጥም፤ ከነጭ በታች ያለ ሁሉ ያጠቁራል። እድፍ ያልኩት ፋይል አማካዩ 180 ነው። የጋሼ ሸሚዝ 235 ነበር፤ 166 ሆነ። አሁንም ሸሚዝ ነው። ጉንጫቸው 92 ነበር፤ 65 ሆነ። ከቅንድባቸው ሥር ያለው ጥላ 40 ነበር፤ 28 ሆነ። እኔ በማትምበት አንጸባራቂ ባልሆነ ወረቀት ላይ ከ30 በታች ያለው ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ዓይናቸው ጠፋ ማለት ነው።

ትምህርቶቹ ምን ዓይነት ፊት ይዘው እንደተዘጋጁ ያኔ ገባኝ። ጉንጩ 200 ላይ ያለ ሰው በዚሁ ግድግዳ ሲባዛ 141 ላይ ያርፋል፤ ገና ከመካከለኛው ብርሃን በላይ ነው። እጅግ ጠይም የሆኑት ጋሼ ግን የሚሰጡት ትርፍ ብርሃን የላቸውም። ያላቸው ብርሃን ግንባራቸውና ጉንጫቸው ላይ ያለችው ናት፤ እሷን ደግሞ መልቲፕላይ ቀማቸው። ይህን በትልቁ ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌዋለሁ፦ ለጠይም ፊት መልቲፕላይ በጀርባና በልብስ ላይ ብቻ።

ኦቨርሌይን ሞከርኩ። 128 ላይ ያለ ግራጫ ምንም ስለማይለውጥ ፊቱ በጥቅሉ አልጠቆረም፤ ግን ከመካከለኛው ከራቀ በጣም ይናከሳል። 92 ላይ ያለው ጉንጭ የግድግዳው ዋጋ 160 የሆነበት ቦታ 115፣ 100 የሆነበት ቦታ 72 ይሆናል። ፊቱ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ሶፍት ላይት ያንኑ ነገር በለዘበ እጅ ይሠራል። ደቃቁን ሸካራ በሶፍት ላይት፣ ኦፓሲቲውን (የሌየሩን ድፍንነት) 35 በመቶ አድርጌ ስነጥፈው ጋሼ ወደ ራሳቸው ተመለሱ።

ጥቅምት 14

መብራት የለም። ሻማ አብርቼ የግድግዳዎቹን ዝርዝር በወረቀት ላይ አስተካከልኩ።

ጥቅምት 15

ዛሬ ተራው የአዴ ነው። መልቲፕላይ የሚያጠቁር ከሆነ ተቃራኒው ስክሪን ያበራልኛል ብዬ አሰብኩ። ስክሪን ሁለቱንም ሌየሮች ገልብጦ ያባዛና ውጤቱን መልሶ ይገለብጣል፤ ጥቁር ምንም አይለውጥም፣ ከጥቁር በላይ ያለ ሁሉ ያበራል። የራሳቸውን ግድግዳ፣ ያን በሦስት ቀለም የተላጠውን፣ ጨለማው ቦታ ወደ ጥቁር እንዲጠጋ አድርጌ ነጠፍኩት። የኖራው ቅርፊቶች በፊታቸው ላይ በሩ። 85 የነበረው ጉንጭ፣ 150 የሆነ ቅርፊት ባረፈበት ቦታ 185 ሆነ። በጨለማ ክፍል ውስጥ በላፕቶፑ መስኮት ላይ ሳየው በጣም አማረኝ። ግድግዳውና ሴትዮዋ አንድ አካል የሆኑ መሰለኝ። በ20 በ30 ሴንቲ ሜትር አተምኩት።

ጥቅምት 17

ምስሉን ይዤ ሄድኩ። አዴ ከፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በቀስታ፣ «ልጄ፣ ይሄ ለምጽ ነው?» አሉኝ።

ግድግዳው መሆኑን፣ የእናታቸው ሐምራዊም እዚያ ውስጥ እንዳለ ነገርኳቸው። ሐምራዊውን እንዳወጣሁት ያን ጊዜ አላሰብኩም፤ ቀለም የሌለው ግድግዳ ለእሳቸው ግድግዳቸው አይደለም። «ግድግዳዬን እወደዋለሁ» አሉ። «እሱን ከኋላዬ አድርገው። ፊቴ ግን ታሞ አያውቅም፤ እግዜር ይመስገን። የልጅ ልጆቼ ይህን አይተው አያታችን ታማ ነበር ቢሉስ?»

መልስ አልነበረኝም። በጠይም ቆዳ ላይ የተበተነ ነጭ ቅርፊት በእኛ አገር ዓይን አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። በሐረር አካባቢ ደግሞ ነገሩ የተረት ጉዳይ አይደለም፤ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ያለው የቢሲዲሞ ሆስፒታል መጀመሪያ የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነው። በአዴ ዕድሜ ያለ ሰው በቆዳ ላይ የሚታይ ምልክት ሰውን ከጎረቤትና ከጋብቻ እንዴት ይለይ እንደነበር ያስታውሳል። እኔ ኖራ አየሁ፤ እሳቸው በሽታ አዩ። ትክክለኛው ማየት የእሳቸው ነው፤ ፊቱ የእሳቸው ነውና።

የታተመውን ምስል ይዤ ተመለስኩ። ፋይሉንም አጠፋሁት።

ጥቅምት 18

ሥራ አልያዝኩም። የራምቦ ቤት ወደሚባለው ሙዚየም ሄጄ የድሮዎቹን የሐረር ፎቶግራፎች እንደገና አየሁ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እዚህ በንግድ ሲኖር ካሜራ አስመጥቶ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1883 ራሱን በሐረር አንሥቶ ምስሉን ለቤተሰቡ ሲልክ፣ የሚያጥብበት ውኃ መጥፎ ስለሆነ ፎቶግራፎቹ ነጣ እንዳሉበት ጽፎላቸዋል። በእነዚያ ምስሎች ላይ ቆሞ ይታያል፤ ፊቱን ግን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ውኃው የወሰደው ከሁሉ በፊት እሱን ነው።

ዛሬ ሰዎች ይህን የመሰለ መጎዳት ለውበት ብለው በኮምፒውተር ይጨምራሉ፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። ውኃው ዓይኑ የት እንዳለ አያውቅም ነበር። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ሌየሩ የት እንደሚታይና የት እንደሚደበቅ የሚወስን ማስክ የሚባል መሣሪያም በእጄ አለ።

ጥቅምት 20

የአዴን ምስል ከባዶ ጀመርኩ። ዛሬ የሠራሁትን በዝርዝር አስቀምጣለሁ፤ ለቀሩት አምስት ሰዎች የምከተለው ይህን ነው።

ከሁሉ በታች ምንም ያልተነካው ምስል። ቀጥሎ የግድግዳው እድፍ፣ ዛሬ ቀለሙን እንደያዘ፣ በመልቲፕላይ፣ 60 በመቶ። ማስኩን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ጥቁር አደረግኩት፤ ጥቁር ይደብቃል፣ ነጭ ያሳያል። ከዚያ በነጭ ብሩሽ ጀርባውን ብቻ ገለጥኩ። በፊት ማስኩን ነጭ አድርጌ ጀምሬ ፊቱን እየጠረግኩ አወጣ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከጥቁር ስትጀምር እያንዳንዱ ግድግዳ የሚነካው ቦታ አንተ ወስነህ የፈቀድከው ነው፤ ረስተህ የተውከው አይደለም።

ሦስተኛው ሌየር ደቃቁ ሸካራ ነው፤ በሶፍት ላይት፣ ለሻሻቸውና ለቀሚሳቸው። ጨርቅ ሸካራነትን ይወዳል፤ ክርና ኖራ ይግባባሉ። እዚህ ላይ ጂምፕ ያለው ሌላ መላ ረዳኝ፦ ማስክ ሲጨመር የሌየሩን ግራጫ ቅጂ ማስክ ማድረግ ይቻላል። የአዴን ምስል ቀድቼ በዚህ መንገድ ማስክ ሠራሁና ወደ ሸካራው ሌየር አዛወርኩት። ብርሃን ያለበት ቦታ ሸካራነቱን ይቀበላል፤ ጥላው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ጥላ ውስጥ የሚታይ ሸካራነት ሁልጊዜ ሐሰት ይመስላል፤ በእውነተኛ ጥላ ውስጥ ግድግዳም ራሱ ሸካራነቱ እምብዛም አይታይምና።

ፊታቸው ላይ ምንም የለም። አንገታቸው ላይ፣ ከሻሹ ጠርዝ ጀምሮ፣ በሰፊና ለስላሳ ብሩሽ 10 በመቶ ያህል አሳለፍኩ፤ ያለዚያ ፊቱ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ይህ ሽግግር ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ከጉንጭ ወደ ሻሽ ያለው ጠርዝ ሹል መሆን አለበት፤ ከአገጭ ወደ አንገት ያለው ደግሞ እንደ ጢስ መሳሳት አለበት።

የአዴ ግድግዳ ከቀኝ ነበር የበራው። እሳቸው ደግሞ ከግራ። ሌየሩን ጎን ለጎን ገለበጥኩት፤ በዓይኔ ፊት ቅርፊቶቹ ከጉድጓድነት ወደ ቅርፊትነት ተመለሱ። መጠኑንም ቀነስኩ። ከቅርብ ያነሣኋት ያቺ ቁራጭ ሰፍታ ስትነጠፍ አንዱ ስንጥቅ የአዴን ክንድ ያህል ወፍሮ ነበር፤ አዴ ድንክ መሰሉ። ከኋላቸው ያለው እውነተኛ ግድግዳ ምን ያህል ስንጥቅ እንደሚያሳይ አይቼ በዚያ ልክ አሳነስኩት።

ጥቅምት 22

አዴ አዩት። ጣታቸውን በምስሉ ጀርባ ላይ አሳረፉና አረንጓዴውን አገኙት። «እዚህ ጋ ነች» አሉ፤ ልጃቸውን ማለታቸው ነው። ሐምራዊው ትንሽ ጎላ እንዲል ጠየቁኝ። ቤት ገብቼ ለሐምራዊው ቦታ ብቻ የቀለሙን ሙሌት ጨመርኩ።

ጥቅምት 24

ከአዴ ትምህርት ወስጄ ጋሼን አስቀድሜ ጠየቅኩ፦ «ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር ምን እንዲታይ ይፈልጋሉ?»

ግድግዳ አልፈለጉም። ግድግዳው የተከራዩት ነው። የፈለጉት የስፌት ጠረጴዛቸውን ነው። ከመኪናው በስተቀኝ፣ ክንዳቸው በሚያርፍበት ቦታ፣ እንጨቱ ለ40 ዓመት ተፈግፍጎ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል፤ ዙሪያውን ደግሞ የመቀስ ጭረትና ውስጡ የገባ ጠመኔ አለ። ስንት ጊዜ እዚያ ቆሜ ሱሪ አሳጥሬያለሁ፤ አንድም ቀን አላየሁትም።

እንጨትን ማንሣት ከኖራ ይለያል። የለሰለሰው ክፍል ያንጸባርቃል፤ ብርሃኑ ከበሩ ሲመጣ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። በሩን በነጭ አንሶላ ጋርደን ብርሃኑን አለሰለስነው፤ አንሶላውን የያዙት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። የእንጨቱን መስመር ከደረታቸው በታች በሶፍት ላይት አሳለፍኩ፤ ጭረቱና ጠመኔው በእጃቸው አካባቢ ጎላ ብለው ይታያሉ። እጃቸው ላይ ጠመኔ ማረፉን ወደዱት። «እጄ ላይ ሁልጊዜ አለ» አሉኝ። ያው ነጭ ብናኝ ነው፤ የአዴ ጉንጭ ላይ ስድብ የሆነው እዚህ ሙያ ሆነ።

ጥቅምት 28

ለሙከራ ሕትመት ድሬዳዋ ወረድኩ። በ30 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ በ300 ዲ ፒ አይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ማለትም 3543 በ4724 ፒክስል። ሁለቱም ጠቁረው ወጡ። ጥፋቱ የላፕቶፔ ስክሪን ነው፤ በሌሊት ስሠራ በጣም አብርቼው ነበር። ብርሃንና ጥላን የሚያስተካክለውን ከርቭ መሐሉ ላይ ከፍ አድርጌ፣ የጋሼን ዓይን ዙሪያ ለብቻው አንሥቼ ደገምን። ሁለተኛው ጥሩ ነው። በወረቀት ላይ ደቃቁ ሸካራ በስክሪን ከሚታየው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለጨርቁ ከ35 ወደ 45 በመቶ አሳደግኩት። ፊት ላይ ምንም አልጨመርኩም።

ኅዳር 1

ሦስተኛዋ ቡና የምትሸጠው ልጅ ናት። ጥያቄዬን ሰምታ አሰበችና ምንም እንዲነጠፍባት እንደማትፈልግ ነገረችኝ፤ ቤቱም ግድግዳውም የአክስቷ ነው፣ የራሷ ሲኖራት ታሳየኛለች። ከሰማያዊ በር ፊት፣ በጥላ ውስጥ አነሣኋት። ንጽሕናዋን ሳይ የማዋሐድ ፍላጎቱም ጠፋልኝ። ከሰባቱ አንዱ እንዲሁ ይሆናል።

አራተኛው ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው በሸዋ በር አካባቢ ዳቦ የሚጋግሩት አባት ናቸው። የምድጃቸው ግድግዳ በጥቀርሻ የጠቆረ ነው፤ እሳቸውም ከሁሉም ይበልጥ ጠይም ናቸው። ጥቀርሻውን በምን ስልት እንደማስገባው ገና አልወሰንኩም። ምናልባት የሚያንጸባርቀውን ክፍል ብቻ ወስጄ በስክሪን እሞክራለሁ፤ ያውም በትከሻቸውና በጀርባቸው ላይ። መጀመሪያ ግን ጥቀርሻው በምስላቸው ላይ ቢታይ ደስ ይላቸው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ነገ በ11 ሰዓት ሌሊት ነው የሚያቡኩት፤ ብርሃኑ ከምድጃው አፍ ከቀኝ ይመጣል።